የዓመት ጓሳ ገመድ አይሆንም

ሥራ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ጂፒኤስ፣ ሜትር፣ ችካልና አዲስ ቦት ጫማ ተሰጥቶኝ ሰሜን ሸዋ ወዳለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ የሣር ምድር ተላክሁ። መሐል ሜዳ ከተማ አድረን በማለዳ ስንወጣ ውርጩ ጣት ይቆርጣል። ዓይን እስከሚደርስበት ሣር ብቻ ነው። «ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ ይባክናል?» አልኩ በሆዴ።

አራት ቀን ሣር ሳጭድ፣ ስመዝንና ኤክሴል ላይ ስሞላ ሰነበትኩ። ድምዳሜዬ አጭር ነበር፦ ያረጀው ሣር በዝቷል፤ ስለዚህ ቦታው በየዓመቱ ለአጨዳ ይከፈት። ለባላገሩ የተቆረቆርኩ መስሎኛል እኮ።

በአምስተኛው ቀን ለአካባቢው ኮሚቴ አቀረብኩት። አንድ በርኖስ የለበሱ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ሰምተው ወጡና ሁለት እፍኝ ሣር ይዘው ተመለሱ። አንዱ አምና የታጨደበት ቦታ ላይ የበቀለ፣ አጭርና ለስላሳ ነው። ሌላው ዓመታት የቆየ ረጅም ጓሳ ነው፤ ጓሳ የሣሩም ስም ነው። ቁጭ ብለው መጀመሪያ የአምናውን ጭናቸው ላይ ገመዱት።

«ሳብ።»

ሳብኩት። ብጥስ አለ።

ሁለተኛውንም ገመዱና ሰጡኝ። እግሬን ተክዬ ሳብኩት። መዳፌን ፈገፈገኝ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ ጣሪያዬን በየትኛው ልሰረው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

«አይጡስ?» ቀጠሉ። «ሣሩን በየዓመቱ ካጨድነው አይጡ የት ይግባ? ቀይ ቀበሮውስ ምን ይብላ?» ቀይ ቀበሮ አይጥ እንደሚበላ እኔም ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ኤክሴሌ ላይ ግን ያለው የሣር ክብደት ብቻ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ውጭ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ቄሮ አወሩኝ። (ዛሬ ስሙ ሲጠራ ሌላ ነገር ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ የመንዙ ቄሮ ጓሳን የሚያስተዳድረው የጥንት ሥርዓት ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ።) ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ጌሳ ሁሉ ከዚያው ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። እኔ «ይከፈት» ያልኩት እንግዲህ ይህንን ነው።

ቢሮ ስመለስ ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍኩ። «ምንጭ» በሚለው ዓምድ ላይ የአዛውንቱን ስም ከነአባታቸው፣ ራሳቸውን አስፈቅጄ አስገባሁ። አለቃዬ ሰርዞ «ከአካባቢው ነዋሪ የተገኘ አስተያየት» ብሎ መለሰልኝ።

«አስተያየት አይደለም፤ ገመዱ ፊቴ ነው የተበጠሰው» አልኩት።

«የሠንጠረዡስ ምንጭ ማነው?»

«እኔ።»

«ስንት ቀን ለካህ?»

«አራት።»

ለአፍታ ዝም አለ። እስክሪብቶውን አንስቶ የሰረዘውን ስም በራሱ እጅ መልሶ ጻፈው። የእኔን ሠንጠረዥ ወደ አባሪ ላከው፤ ገጽ 41።