ሸክላ ይዞ ከደሴ ባቲ፣ ከባቲ አምባሰል

ከደሴ ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቆላው የዘፈን ሸክላን አይምርም። በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ሸክላ በአንድ ቀትር ይጣመማል፤ የተጣመመ ሸክላ መርፌውን እያዘለለ ግጥሙን ይበላዋል። እኛ በካርቶን አቁመን፣ በጋቢ ጠቅልለን ከወንበር ሥር ጥላ ላይ አኖርናቸው። አስተኝቶ መደራረብም ያጣምማል።

ባቲ የደረስነው ሰኞ፣ በገበያው ቀን ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። የወሎ ሰው ጨዋታም ከዚህ መደባለቅ የተቀዳ ይመስለኛል፤ «አብሽር» ብሎ አጽናንቶህ ሳትጨርስ ይጎሽምሃል።

ባቲና አምባሰል የቦታም የቅኝትም ስም ናቸው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ባቲ ሁለት መልክ ሲኖረው አንዱ ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል ይላል። ለጆሮ ምልክቱ ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ አምባሰል ላይ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል፣ ያ ጠባብ እርምጃ ነው ሆድ የሚያባባው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ሰው ይህን ለማወቅ ኖታ አያስፈልገውም። የማጫወቻው ፍጥነት ቢዛባም ቅኝቱ አይጠፋም፤ ሁሉም ድምፅ አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ርቀታቸው እንዳለ ይቆያል።

አምባሰል ደርሰን፣ ውጫሌ ላይ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አዛውንት ከሸክላው ጋር ሊቃኙ ሞከሩ። የማሲንቆውን መቃኛ ጆሮ በሁለት ጣት እየጠመዘዙ የጭራውን ክር ሲያከርሩ ድምፁ ይገጥማል፣ ወዲያው ይሸሻል። ደጋግመው ሞከሩና «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ይዋዥቃል እኮ» አሉ። እውነታቸውን ነው። የትንሹ ሸክላ ቀዳዳ ሰፊ በመሆኑ መሃሉ ላይ የሚገባው ማስገቢያ ልል ከሆነ ሸክላው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ሲዞር ድምፁም በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ማስገቢያውን በወረቀት ጠበቅ አድርገን መለስነው፤ ክሩም ወዲያው ገጠመ።

የዘፈኑ ግጥም ቀልድ ግን ከዜማው ይልቅ ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ላይ ይንጠለጠላል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ገጥሜዋለሁ፦

ሠርጋችን መቼ ነው ብዬ ብጠይቃት፣
ገና ነው አለችኝ፣ ልቤ ሲጠብቃት።

«ና» ከጠበቀ ሠርጉ ለልደት ነው፤ ላሊበላ ባለበት አገር ደግሞ ይህ የምሥራች ነው። ከላላ ሰውየው ገና ብዙ ይጠብቃል። ያረጀ መርፌ የሚያጠፋው ይህን ልዩነት ነው። ተነባቢዎቹን ያደበዝዛል፣ በተለይ ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ፤ እዚያ ሸክላው በመርፌው ሥር የሚያልፈው ቀስ ብሎ ነውና ጥርት ያለው ድምፅ ይጨማለቃል። ስለዚህ መርፌውን ቀድሞ መቀየር ይገባል። ሸክላውን በተጣራ ውኃና በሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ የመስመሩን ዙር ተከትሎ መጥረግ፤ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፤ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አለማርጠብ፤ ፀሐይ ላይ ሳያሰጡ አቁሞ ማድረቅ። አቋርጦ መጥረግ አሸዋውን ይዞ መስመሩን ይፍቃል።

የፊደሉ መጥበቅና መላላት አሁንም ካልለየ ማጫወቻውን ከ45 ወደ 33 አውርዱት። ዜማው ከአምስት ግማሽ ድምፅ በላይ ዝቅ ይላል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ግን በሲሶ ያህል ይረዝማል። የጠበቀ «ን» ምላስ ላይ ሲቆይ፣ የላላው ሲያልፍ በግልጽ ይሰማል። ውጫሌ ላይ አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሰማነው፤ ዘፋኙ ፊደሏን አጥብቆም አላልቶም ሳይሆን መሃል ላይ ትቷታል። አዛውንቱ ጭራውን ከክሩ ላይ አንስተው ሳቁ፣ «አዎ፣ እንዲያ ነው የሚባለው» አሉ።