ሁልጊዜ 429 ሜትር የሚጎድለው ጨርቅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የጨርቅ ርዝመት የሚለካ ቆጣሪ ተገጥሞ ነበር። ጨርቁ በማሽኑ ሲያልፍ አንዲት ጎማ ላዩ ላይ ትንከባለላለች። ፈረቃው ሲያልቅ ቆጣሪው ስንት ሜትር እንዳለፈ ያትማል። መጋዘኑ በበኩሉ የተረከበውን ጣቃ ቆጥሮ ይመዘግባል። ሁለቱ ሒሳቦች መግጠም አለባቸው።

አንዳንዱ ፈረቃ ጥርት ብሎ ይገጥማል። ሌላው ላይ ግን መጋዘን የገባው ቆጣሪው ካለው በአራት ጣቃ ከምናምን ያንሳል። አንዱ ጣቃ መቶ ሜትር ገደማ ነው። ቀልድ አይደለም።

ጣት የተቀሰረው መጋዘኑን በያዙት ሰው ላይ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን እዚያው የፈጁ፣ መዝገባቸው ላይ ስርዝ ድልዝ የማይገኝባቸው ሰው ናቸው። «ማሽን አይዋሽም» ተባለና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። እኔ የተጠራሁት የቆጣሪው ሴንሰር ደህና መሆኑን አይቼ እንድፈርም ብቻ ነበር። ጋሼ ግን በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ጨርቅ ስቆጥር ነው ያረጀሁት። ይሄ ዕቃ ምን እንደሚቆጥር እስቲ አንተ ንገረኝ።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ አየዋለሁ» አልኳቸው።

ሴንሰሩ ምንም አልሆነም። ስለዚህ የፈረቃ ሪፖርቶቹንና የመጋዘኑን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጬ ልዩነቱን ብቻ በወረቀት አወጣሁ። 428፣ 431፣ 429፣ 430፣ 429። የገጠሙት ፈረቃዎች ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከሁለት ሦስት ሜትር አይበልጥም። 200 የሚባል የለም፤ 600 የሚባልም የለም። ወይ ምንም፣ ወይ 429 አካባቢ። ጨርቅ የሚሰርቅ ሰው ሁልጊዜ ያችኑ ያህል ለክቶ አይወስድም። ይህ ቁጥር የመጣው ከሰው እጅ እንዳልሆነ ያኔውኑ ታወቀኝ።

ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሷ ሐረጎን እየወጣች እኔ ስልኬ ላይ ሒሳብ እሠራለሁ። ጎማዋ ራዲየሷ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ዙር ስትዞር ዙሯን የሚከታተለው ሴንሰር፣ ኢንኮደሩ፣ 2,000 ፐልስ (አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት) ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ፐልስ ማለት 314.159 ማይክሮ ሜትር ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ይህን 314 ብሎ ቢይዘው፣ 14,400 ሜትር በሚያልፍበት ፈረቃ ሰባት ሜትር ያህል ይጠፋበታል። ስለዚህ አሃዱን የማይክሮ ሜትር አንድ አስረኛ አድርጎ 3,142 ብሎ ያዘው። ስህተቱ ወደ ሁለት ሜትር ወረደ። ጥሩ አስቧል፣ ይህን አልነፍገውም።

ግን አሃዱ ሲያንስ ቁጥሩ ያብጣል። 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ ቦታ ያለው ቁጥር፣ የሚይዘው እስከ 4,294,967,295 ነው። በማይክሮ ሜትር አስረኛ ስንቆጥር ይህ ስንት ሜትር ነው? 429.4967።

መኪናው ውስጥ ጮክ ብዬ «አገኘሁት!» ሳልል አልቀረሁም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው አዩኝ።

ቀሪውን ኮዱ ነገረኝ። ቆጣሪውን የሚያስኬደው ቺፕ የ8051 ቤተሰብ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ቢት ብቻ የሚያሰላ። አብሮት የነበረው የሲ ኮምፓይለር (በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ቺፑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) ከ32 ቢት በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር አያውቅም። ስለዚህ የተጠራቀመው ርዝመት በሁለት ባለ32 ቢት ቁጥሮች ተከፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ዝቅተኛው፣ አንዱ ከፍተኛው። መደመሩ በትክክል ተጽፏል። ዝቅተኛው ላይ 3,142 ይደመራል። ውጤቱ ከተደመረው ቁጥር ካነሰ ዝቅተኛው ሞልቶ ዞሯል ማለት ነው። ያኔ ከፍተኛው ላይ አንድ ይጨመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምር። ይህ ዘዴ የሚሠራው ምልክት አልባ ቁጥሮች፣ ማለትም ከዜሮ በታች የማይወርዱት፣ ላይ ብቻ ነው። ምልክት አልባ ቁጥር ሲሞላ ከዜሮ እንደሚጀምር የሲ ቋንቋ ደንብ ራሱ ያረጋግጣል። ባለምልክት ቁጥር ሲሞላ ግን ደንቡ ምንም ቃል አይገባም። ኮምፓይለሩ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ማረጋገጫውን ከነአካቴው ሊያጠፋው ይችላል። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ሲወድቁ አይቻለሁ።

ችግሩ ያለው መቀነሱ ላይ ነበር። የፈረቃው ርዝመት የሚገኘው የመጨረሻው ንባብ ላይ የመነሻው ተቀንሶ ነው። ኮዱ ዝቅተኛውን ከዝቅተኛው፣ ከፍተኛውን ከከፍተኛው ቀንሶ ዝም ይላል።

ሁለተኛ ክፍል የተማርነውን አስታውሱ። 62 ላይ 38 ስንቀንስ 2 ለ8 አይበቃም፤ ከአስር ቤት አንድ እንበደራለን። 12 ሲቀነስ 8፣ 4 ይሆናል። አስር ቤት ያለው 6 አንዱን ስላበደረ 5 ሆኗል፤ 3 ሲቀነስለት 2። መልሱ 24። ብድሩን ወስደን ከ6ቱ ላይ ሳንቀንስ ብንቀር መልሱ 34 ይሆናል። ትርፉ ሁልጊዜ ልክ አስር ነው፤ ዘጠኝም አይሆን፣ አሥራ አንድም። በቆጣሪው ውስጥ የአንድ ቤት የሚይዘው አስር ሳይሆን 4,294,967,296 ነው። ስለዚህ ብድሩ በተረሳ ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ልክ 429.4967 ሜትር ይጨመራል። ከመጋዘን የጎደለ ጨርቅ አልነበረም። ቆጣሪው ያልተመረተ ጨርቅ ያትም ነበር።

የሚገርመው ቺፑ ራሱ ይህን ያውቃል። 8051 ላይ ያለ ብድር የሚቀንስ ትእዛዝ ጭራሽ የለም። ያለችው የመቀነሻ ትእዛዝ የብድሯን ቢት ሁልጊዜ ታስባለች። ሲ ቋንቋ ግን ያቺን ቢት ለፕሮግራመሩ አያሳይም። ቁጥሩን ለሁለት ስትከፍለው ብድሩን ተከታትሎ ማስላት ያንተ ሥራ ይሆናል። ማስተካከያው አንዲት መስመር ናት፦ የመጨረሻው ዝቅተኛ ከመነሻው ዝቅተኛ ካነሰ ከከፍተኛው ልዩነት ላይ አንድ ቀንስ።

ታዲያ ሲገጠም እንዴት አልታየም? ርክክቡ ላይ ሁልጊዜ ቆጣሪው ዜሮ ተደርጎ ነው የተሞከረው። መነሻው ዜሮ ከሆነ ምንም ቁጥር ከዜሮ አያንስም፤ ብድር አያስፈልግም። ሥራ ሲጀመር ግን ንባቡ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ይቀጥላል። 14,400 ሜትር ለ429.4967 ሲካፈል 33 ደርሶ ግማሽ ያህል ይተርፋል። ስለዚህ ብድር የሚያስፈልገው በግማሾቹ ፈረቃዎች ገደማ ላይ ነው። አንዱ ልክ፣ አንዱ ስህተት የሚመጣው ለዚህ ነበር። ይህ መቀላቀል ነው ጋሼን የጎዳቸው። ቆጣሪው ሁልጊዜ ቢሳሳት ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

ኮዱን ሳነብ ሌላ ጉድ አየሁ። ፐልስ ሲመጣ የሚደምረው ኢንተራፕቱ፣ ማለትም ዋናውን ፕሮግራም ለአፍታ አቋርጦ የሚገባው ኮድ፣ ነው። የሚያነበው ዋናው ፕሮግራም ነው። ዋናው ፕሮግራም ከፍተኛውን አንብቦ ወደ ዝቅተኛው ሲሄድ መሃል ላይ ኢንተራፕት ገብቶ ዝቅተኛው ቢዞር፣ ግማሹ የድሮ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ይነበባል። እሱም ያችኑ 429.4967 ሜትር ያጎድላል። ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፤ ሪፖርቶቹ ውስጥ ደርሶ አላየሁም። ግን ሰው የሚከሰስበት ዕቃ ላይ ጠባብ ዕድል መተው አልፈለግኩም። በንባቡ ጊዜ ኢንተራፕቱን ለቅጽበት ዘጋሁት።

ከዚያ ያንኑ የመቀነሻ ፈንክሽን ላፕቶፕ ላይ አስኬድኩት። እዚያ ኮምፓይለሩ የራሱ ባለ64 ቢት ቁጥር አለው። በዕጣ የወጡ ጥንድ ቁጥሮችን በሁለቱም መንገድ አሰልቼ ውጤቱን አመሳከርኩ። ጫፎቹን ደግሞ በእጄ ጨመርኩ፦ ዜሮ፣ አንድ፣ 4,294,967,295፣ ከእሱም ቀጥሎ ያለውን። የድሮው ኮድ እዚህ ፈተና ላይ ወዲያው ወደቀ። አዲሱ አለፈ።

ቀሪው ቀላል ነበር። ከተሳሳተው እያንዳንዱ ሪፖርት ላይ 429.4967 ስንቀንስ መዝገቡ በሁለት ሦስት ሜትር ልዩነት ገጠመ። ለአስተዳደሩ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አትሜ ሰጠሁ። ስለ ቢት ብዙ አላወራሁም፤ የ62ቱንና የ38ቱን ቅንስ ሠራሁላቸው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው እርሳስ አንስተው ደገሙት። ደብዳቤው በደብዳቤ እንዲሻር ጠየቅኩ፤ በቃል «ይቅር ተባብለናል» ብቻ እንዲታለፍ አልፈለግኩም። ተሻረ። ግልባጩም ከጋሼ የግል ማኅደር ገባ።

ያው ባለሙያ የገጠመው ሌላ ቆጣሪ ሁለተኛው መስመር ላይ አለ። እሱ የሚለካው ክር ነው፤ አሃዱም የተለየ ነው። ኮዱን ጠይቄያለሁ። እስኪደርሰኝ ድረስ በእሱ ሪፖርት ብቻ ማንም እንዳይጠየቅ የጥገና ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቋል።