ሦስት ቅዳሜ የበሉ ስድስት ጎማዎች

ሞዴል ባቡር መጫወቻ መሆኑን የሚያሳብቅበት ጎማው ነው። ቦይለሩም ጭስ ማውጫውም አምሮ ተሠርቶ፣ ጎማው እንደ አዲስ ማንኪያ ሲያብለጨልጭ ውበቱ ሁሉ ገደል ይገባል። (ጎማ የምለው ከልማድ ነው እንጂ ላስቲክ የለበትም። "መንኮራኩር" ስል ደግሞ ቅዳሴ የገባሁ ይመስለኛል።)

የኔዋ ብላክ ፋይቭ የምትባለው የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ናት። ዊልያም ስታኒየር ለእንግሊዙ የኤልኤምኤስ ምድር ባቡር የነደፋት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1934 እስከ 1951 ድረስ 842 የተሠሩላት። የእውነተኛዋ ትልልቅ ስድስት ጎማዎች ቁመታቸው 6 ጫማ ነው፤ በሞዴሏ አንድ ጫማ 4 ሚሊሜትር ስለሆነ 24 ሚሊሜትር ይመጣል።

ቅባቱን በአልኮል ጠርጌ የጎማውን ፊት በቀጭኑ ጥቁር ቀባሁ። ሐዲዱ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ግን እንዳትነኩት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ከስስ ፕላስቲክ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ሚዛን መጠበቂያ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ አሮጌ ስለሆነች አልነበራትም። የመሃለኛው ጎማ ላይ ያለው ተለቅ ይላል፣ ከፒስተኑ የሚመጣው ቤላ (ገፊው ብረት) የሚያርፈው እሱ ላይ ነዋ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጠገብኩ። ለመቀባት ይመቸኛል ብዬ አንዱን ጎማ ከአክስሉ ነቀልኩት።

በየጎኑ ሦስቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ዘንግ አለ፤ እሱን የሚይዙት የግራና የቀኝ ጎማ ፒኖች 90 ዲግሪ ተለያይተው ነው የሚገጠሙት። በእውነተኛዋ አንዱ ጎን ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ጉልበት ሲያጣ ሌላኛው መሃል ላይ ሆኖ ይገፋል፤ ሁለቱ እኩል ጫፍ ላይ ቢቆሙ ባቡሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በሞዴሏ የሚያዞረው ሞተር ቢሆንም፣ አንዱ አክስል ከሌሎቹ ትንሽ ከተዛነፈ ዘንጉ ይነክስና እንደ አንካሳ በቅሎ ትሄዳለች። በዓይኔ ገምቼ ገጠምኩት፣ አነከሰች፤ ነቀልኩት፣ ገጠምኩት፣ ባሰባት። በመጨረሻ ያልነካሁትን አክስል አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩና እሱን እያየሁ ልክ አስመስዬ መለስኩት። በግራና በቀኝ ጎማዎች ጀርባ መሃል ያለውን ክፍተትም በካሊፐር ለካሁ፣ 14.5 ሚሊሜትር።

አሁን ወደ ፊት ስትሄድ ድምጿ እንኳ አይሰማም። ወደ ኋላ ስትሄድ ትንሽ ታነክሳለች። ወደ ኋላ አልነዳትም።