ወርዷል ወይስ አልወረደም?

ዋሽንግተን አካባቢ በሚተላለፍ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ የስፖርት ሰዓት ነበረኝ። ሰዓት ስል ሙሉ ሰዓት እንዳይመስላችሁ። ከፕሪሚየር ሊጉ ትንታኔ የተረፈች ደቂቃ ናት ለኤንቢኤ፣ ለአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የምትሰጠው። አርሰናል ያሸነፈ ሳምንት ደግሞ እሷም ትቀራለች።

በ2023 መኸር ግን ቅርጫት ኳስ በድንገት ተፈለገ። ምክንያቱ ጆርዳን ፑል ነው። በዚያው ክረምት ከጎልደን ስቴት ወደ ዋሽንግተኑ ቡድን ዊዛርድስ መጥቷል፣ ክሪስ ፖል በሄደበት ዝውውር። ያኔ 24 ዓመቱ ነው፣ የ2022 ሻምፒዮን ነው፣ ይዞት የመጣው የአራት ዓመት ውል እስከ 140 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ገና ሲዝኑ ሳይሞቅ የሳታቸው ኳሶች ቪዲዮ በየስልኩ መዞር ጀመረ። የቡድኑ ሜዳ ካለበት ጋለሪ ፕሌስ አካባቢ ከጨዋታ የሚወጣ ሰው የሚያሳፍሩ ባለታክሲ ወዳጆቻችን ሌሊቱን የሚሰሙት ምሬት ስለ እሱ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ ለእኛ ይደውላሉ።

አለቃዬ ጠሩኝ። የእግር ኳስ ሰው ናቸው። ቅርጫት ኳስን የሚያዩት እንደ ጎረቤት ሠርግ ነው፣ ይሰሙታል እንጂ አይገቡበትም።

«ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር ሥራልኝ» አሉ። «አቋሙ ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

ቁጭ ብዬ ጨዋታዎቹን አየሁ። የድምፅ ባለሙያችን የራሷ ትንታኔ ነበራት። ከዓመት በፊት የጎልደን ስቴት ጓደኛው ድሬመንድ ግሪን ልምምድ ላይ በቦክስ ሲመታው የሚያሳየውን ቪዲዮ አይታለች፤ «ልቡ ተሰብሯል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ» ትላለች። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ሰው አንዳንድ ምርመራ ነበረው። የእኔ ግን ትንሽ ሂሳብ አለበት።

አንድ ተጫዋች በጨዋታ ስድስት የሶስት ነጥብ ሙከራ ያደርጋል እንበል። በአስር ጨዋታ 60 ኳስ ነው። 24 ካገባ 40 በመቶ ይሆናል፣ ኮከብ ይባላል። 20 ካገባ 33 በመቶ ነው፣ አለቀለት ይባላል። በኮከቡና ባለቀለት ሰውዬ መካከል ያለው ልዩነት አራት ኳስ ነው። አራት ኳስ ደግሞ ቀለበቱን ነክቶ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሊወድቅ የሚችል ነገር ነው፣ በዚህ ሰው አይሰቀልም። እጁ ጠፍቷል የሚሉም ነበሩ። ይኸው ልጅ እኮ በ2021-22 በነጻ ውርወራ ከሊጉ አንደኛ ነበር፣ 92.5 በመቶ። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ክረምት አይጠፋም።

ሥራውም ተቀይሯል። ጎልደን ስቴት እያለ ተከላካዩ ሁሉ ዓይኑ የቡድኑ ኮከብ ስቴፍ ከሪ ላይ ነው፣ ፑል ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ዋሽንግተን ላይ ከሪ የለም። ተጋጣሚው ምርጥ ተከላካዩን የሚልክበት እሱ ራሱ ሆነ።

ይህን ብዬ ግን ነጻ አላወጣሁትም። የሚያበሳጩኝን ነገሮችም ጻፍኩ። ለአንድ ማጥቃት የሚሰጠው 24 ሰከንድ ገና ሳይጋመስ፣ እግሩ ሳይረጋ፣ ሰው ፊቱ ላይ ቆሞ ይወረውራል። ኳስ ተነጥቆ ቡድኑ ወደኋላ ሲሮጥ እሱ አንዳንዴ ሽርሽር የወጣ ይመስላል። የኳሱ መግባትና አለመግባት እስኪጠራ ወራት ይፈልጋል፣ ይሄኛው ግን በሁለት ሳምንትም ይታያል። እንግዲህ ሙሉ ሐሳቤ ይኸው ነበር። አንድ ገጽ።

አለቃዬ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ ታዲያ ወርዷል?»

«ይወሰናል።»

«በምን?»

«በሳተው ኳስ ከሆነ ገና ነው፣ ለመፍረድ አይበቃም። በአወራወሩ ከሆነ ግን ያሰጋል።»

«እኔ የጠየቅኩህ አንድ ጥያቄ፣ አንተ የመለስክልኝ ሁለት።»

«ጥያቄው እኮ ራሱ ሁለት ነው፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ካሰቡ በኋላ በጣም በትዕግስት፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «አየህ» አሉ። «አድማጫችን መሪ ይዟል። ግራ ሊታጠፍ ነው። በዚህ መሃል አንተ ይወሰናል ትለዋለህ። ቢጋጭስ?»

ለዚህ መልስ የለኝም። እስካሁንም የለኝም።

እስክሪብቶ አነሱና ከገጹ ውስጥ «ያሰጋል» የምትለዋን ቃል ከበቡ። «ይቺን አንብብ። ሂሳቡን ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየው።»

ሰዓቱ ደርሶ ስገባ «የ140 ሚሊዮን ዶላሩ ኪሳራ!» ብለው አስተዋወቁኝ። ያቺኑ ያሰጋልን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ሞላሁት። ስልኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ደዋይ «ይህን ሁሉ ብር ስትሰጡት የት ነበራችሁ?» አለ። የሰጠነው እኛ ይመስል። አለቃዬ በመስታወቱ ማዶ አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ፣ እንደተዋጣለት ፕሮግራም።

እኔን የሚቆጨኝ ርዕሱ አይደለም። ያኔ አርሰናል የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ2004 ነበር። አለቃዬ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ «ዘንድሮ የእኛ ነው» እያሉ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ትዕግስት ተሸክመው ነው ቢሮ የሚገቡት። ለፑል ግን አስር ጨዋታ ከበዳቸው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፣ ለድምፅ ባለሙያዋ ነግሬያለሁ፣ እሷ ነግራቸው ይሆናል።

«የሚቀጥለው ሳምንት» አልመጣም። ዲሴምበር ላይ የቡድኑ ባለቤት ክለቡን ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሊወስዱት ነው የሚል ዜና ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሰው የሚያወራው ስለ ፓርኪንግና ስለ መንገድ መዘጋጋት ብቻ ሆነ። ማርች ላይ ዕቅዱ ፈረሰ። በዚህ መሃል አሰልጣኙ ተቀየሩ፣ ከኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) እረፍት በኋላ ፑል ወደ ተቀያሪ ወንበር ወረደ። ቡድኑ 15 አሸንፎ 67 ተሸንፎ ጨረሰ፣ በክለቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አይታወቅም። ፑል በጨዋታ 17.4 ነጥብ፣ ከሶስት ነጥብ 32.6 በመቶ።

አለቃዬ በኮሪደሩ ሲያልፉ «አላልኩህም?» አሉኝ። ምንም አላሉኝም ነበር እኮ! ያሰጋል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ቃሏን ከበቡ እንጂ። ግን ሰው ሲስቅ ምን ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ሲዝን በገባ በመጀመሪያው ወር ስለ ማንም ተጫዋች ብይን አልሰጥም ብያለሁ፣ ቁርጥ ነው። አለቃዬን በተመለከተ ያለኝን ብይን ግን የሰጠሁት ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ነው፣ ይግባኝም የለውም።

በቀጣዩ ዓመት ፑል በጨዋታ 20.5 ነጥብ አስመዘገበ፣ ሶስት ነጥቡም 37.8 በመቶ ደረሰ። ያችን ሂሳብ ያለባትን ገጽ ፈልጌ አወጣሁና፣ አዲሶቹን ቁጥሮች ከግርጌ ጽፌ ቢሯቸው ገባሁ። የቅዳሜውን አሰላለፍ እያዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ፑል አንድ ነገር ነበረኝ።»

ቀና አሉ። «የትኛው ፑል? ሊቨርፑል?»