ቲኒያን፣ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ

ትኬት ቆራጯ መጀመሪያ ሻንጣዬን መዘነች። ቀጥላ እኔን። "ሚዛኑ ላይ ውጣ" ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ከሳይፓን ወደ ቲኒያን የምትበረው አውሮፕላን ከሚኒባስ ታክሲ ትጠባለች፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በኪሎ ነው። እኔ ጋቢና ደረሰኝ፣ ከአብራሪው ጎን። በረራው ለመሳፈር ከጠበቅነው ጊዜ ያንሳል። ባሕሩን አይቼ ሳልጠግብ አረፍን።

ይህ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ለሥራ ሳይፓን ሄጄ አንድ ቀን ተርፎኝ ነበር።

ቲኒያን እንደ ሳይፓን ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ ስፋቷ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደሴት ናት። የሚኖርባት ሰው 2,000 ቢሞላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጃፓኖች ሸንኮራ አገዳ ያለሙባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ክረምት አሜሪካኖች ያዟት። ቅርጿ የኒውዮርኩን ማንሃታን አስታወሳቸውና መንገዶቿን ብሮድዌይ፣ 8ኛ አቬኑ፣ 42ኛ ጎዳና አሏቸው። ስሞቹ እስከዛሬ አሉ። እኔ ብሮድዌይ ላይ የገጠመኝ ትራፊክ ሁለት ላሞች ናቸው።

በተከራየሁት መኪና በቀጥታ ወደ ሰሜን ነዳሁ። ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ሁለቱ ጉድጓዶች ነው፤ እኔም ሄድኩ። የሂሮሺማውና የናጋሳኪው ቦምብ አውሮፕላን ላይ የተጫኑት እዚህ ነው። ቦምቦቹ በጣም ትልቅ ስለነበሩ እንደ ሌላው ቦምብ በጋሪ ተገፍተው አውሮፕላኑ ሆድ ሥር አይገቡም። ስለዚህ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ቦምቡ እታች ተቀመጠ፣ አውሮፕላኑ ከላይ ቆመ፣ ከዚያ በሃይድሮሊክ ወደ ላይ ተገፋ። የሂሮሺማውን ቦምብ የጫነችው አውሮፕላን፣ ኢኖላ ጌይ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ 8፡45 ላይ ተነሳች። ጉድጓዶቹ አሁን በመስታወት ተከድነዋል። መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አየሁ፣ ሁለት ፎቶ አነሳሁ፣ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሰማኝም።

የተሰማኝ ማኮብኮቢያው ላይ ነው።

አራት ናቸው፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ፤ እያንዳንዳቸው 2,600 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ሲሠሩ የባሕር ኮራል ተፈጭቶ ተደልድሎባቸዋል። ሌሎቹን ያኔ በአብዛኛው ጫካ ውጧቸው ነበር። "ኤብል" የሚባለው ግን ይነዳበት ነበር። መኪናዋን ጫፉ ላይ አቆምኩና እስከ ሌላኛው ጫፍ ምን ያህል እንደሚፈጅ ልይ ብዬ ረገጥኩት። በግራም በቀኝም ቁጥቋጦ ብቻ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ አያልቅም።

አሁን ይህን አስቡት። ከዚህ ይነሳ የነበረው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ ቢ-29፣ ነዳጅና ቦምብ ሞልቶ ሲነሳ ክብደቱ 60 ቶን ያልፋል። ሞተሮቹ በመጋልና በእሳት የታወቁ ናቸው። ማኮብኮቢያው ሲያልቅ ያለው ባሕር ነው። አንዱ ሞተር እዚያ ላይ እምቢ ካለ፣ በቃ። ቢነሱ ደግሞ ጃፓን 2,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ደርሶ መልሱ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛው ውኃ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ።

በአንዱ አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰው ነበር። አዛዡ፣ አብራሪው፣ ቦምብ ጣዩ፣ አቅጣጫ ቀማሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ ሬዲዮና ራዳር ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ፣ አራቱ ተኳሾች። ጅራት ላይ ያለው ተኳሽ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፤ ፊቱ ወደ መጡበት ነው። አብዛኞቹ ሃያዎቹን በቅጡ ያልጀመሩ ልጆች ናቸው። መንገድ ላይ ኢዎ ጂማ የምትባል ደሴት አለች፤ ከተያዘች በኋላ ቢ-29ዎች፣ አንዳንዶቹም ችግር ገጥሟቸው፣ ከ2,000 ጊዜ በላይ አርፈውባታል። እሷ ጋ መድረስ ያቃታቸው ባሕር ውስጥ ገቡ። በባሕር ሰርጓጅና በጀልባ አውሮፕላን የተረፉ አሉ። ያልተረፉት መቃብር የላቸውም። ስለ ኢኖላ ጌይ ሁሉም ያውቃል፤ ስለነዚህ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

እያዘንኩላቸው ሳለ ግን አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ የደሴ ሰው ነበረች። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ልጅ ነበረች። ካረጀች በኋላ እንኳ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬዋን አቋርጣ ጣሪያውን ታያለች። እኔ የአውሮፕላን ጦርነትን የማውቀው ከሥር ሆኜ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 አንድ ሌሊት ከነዚህ ደሴቶች የተነሱት ቢ-29ዎች ቶኪዮን ሲያቃጥሉ የሞተው ሰው ወደ 100,000 ይገመታል። የጅራቱ ተኳሽ ሲመለሱ እሳቱን ሲያይ ነበር። የእሱንም የእነሱንም ነገር አንድ ላይ ማሰብ ይከብዳል። እዚያ ቆሜ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ስመለስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው አለ፣ ክሪክ የለም። አከራዩን በሆዴ እየተራገምኩ ቁጭ አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በፒክአፕ መጡ። "ሃፋ አዳይ" አሉኝ፤ የደሴቷ ነባር ሕዝብ የቻሞሮዎች ሰላምታ ነው። ክሪካቸውን አወጡና፣ እኔ ስታገል ቆመው እያዩ ወሬ ጀመሩ። ድሮ አሜሪካዊ ሽማግሎች ከልጆቻቸው ጋር ይመጡ ነበር አሉኝ። "አንዱን እዚሁ ነው ያመጣሁት። ወረደ፣ ተንበርክኮ ኮራሉን ዘገነ፣ ካልሲውን አውልቆ እዚያ ውስጥ ቋጠረው። ከዚያ በጣቱ ስም መቁጠር ጀመረ።"

"ስንት ቆጠሩ?"

"አልጨረሰም። ዝናብ መጣ።"

ገንዘብ ልስጥዎት ስል ተቆጡ።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ አየር ኃይል ማኮብኮቢያዎቹን ዳግም ሊጠቀምባቸው ጫካውን መመንጠር ጀምሯል። የቻይና ነገር አሳስቦት ነው ይባላል። ሽማግሌው ምን ይሉ ይሆን?

ማታ ስመለስ እንደገና ጋቢና ደረሰኝ። ከመሬት እንደተነሳን አንድ ሰውዬ ከብቶቹ መሃል ቆሞ ቀና ብሎ አየን። እጁን አወዛወዘ። እኔም አወዛወዝኩለት። ያየኝ አይመስለኝም።