ጥሩንባው፣ ቴሌግራሙና እድራችን

እሁድ ማታ፣ አዳማ

ሰፈራችን ውስጥ የእድር ጥሩንባ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። ድሮ ገና ሳይነጋ ጥሩንባ ሲነፋ እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ታዳምጥ ነበር። ለፋፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ሲናገር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እድርተኛው ብቻ አይደለም። ትናንት ቤት ተከራይቶ የገባውም፣ ለጥየቃ የመጣ እንግዳም፣ ማንበብ የማይችለውም ይሰማል። አሁን ወሬው የሚመጣው በቴሌግራም ነው።

ይህን ለውጥ በስብሰባ የወሰነ ሰው የለም። በ2012 ኮሮና መጣና መሰብሰብ ተከለከለ። ድንኳን መጣልም፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥም ቀረ። ያኔ አንድ የእድራችን ወጣት የሰዉን ስልክ ቁጥር ለቃቅሞ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ክፉ ቀን እስኪያልፍ ነው ብለን ነበር። ክልከላው ተነሳ፣ ድንኳኑም ንፍሮውም ተመለሰ። ጥሩንባው ግን በዚያው ቀረ። ለፋፊያችን አርጅተው ነበር፣ በእሳቸው ቦታ ሰው የፈለገም የለም።

ዛሬ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮው በስልክ ይከፈል ወይስ እንደ ድሮው በእጅ ይሰብሰብ በሚለው ላይ ስንከራከር ዋልን። ወጣቶቹ በስልክ ይሁን አሉ። አንድ አባት ተነሱና “የአባቶቻችንን ባህል በስልክ አትለውጡብን” አሉ። አነጋገራቸው ከልብ ስለነበር ቤቱ ጸጥ አለ።

እኔ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እድር ራሱ እኮ አንድ ወቅት አዲስ ነገር ነበር። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች እድር የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከከተሞች ማደግ ጋር ነው ይላሉ። ከገጠር የመጣ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ሬሳውን ማን ይሸከማል? ጎረቤት ከጎረቤት ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ፣ በደም የማይገናኘው ሰው ዘመድ ሆነ።

አዳማን ደግሞ እዩዋት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዳማ በዚሁ መስመር ላይ፣ በጣቢያዋ ዙሪያ አደገች። በእኛ አቆጣጠር በ1946 እዚሁ አጠገባችን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከከምባታና ከሐዲያ ሳይቀር ሰው ለሸንኮራ ሥራ መጣ። በ1952 ደግሞ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ባቡሩ፣ ፋብሪካው፣ መብራቱ እያንዳንዳቸው ከየአገሩ ሰው አመጡ። ያ ሁሉ ሰው አገሩን ጥሎ ሲመጣ ቀባሪ ዘመዱንም ጥሎ ነው የመጣው። ስለዚህ ዛሬ የአባቶቻችን ባህል የምንለው ነገር፣ አባቶቻችን ለአዲስ ኑሮ ያበጁት አዲስ መላ ነው። ይህን ለእኚያ አባት በሚቀጥለው ወር፣ ሰው በሌለበት፣ ቀስ ብዬ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።

በስልክ መክፈል የጀመሩት እድርተኞቻችንን ምን እንዳሳመናቸው ጠይቄ ነበር። ማስታወቂያ አይቼ ነው ያለኝ የለም። “ጎረቤቴ ስትከፍል አይቼ”፣ “እህቴ አሳይታኝ” ነው መልሱ። ይህ የእኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ በአዮዋ የሚኖሩ 259 ገበሬዎች አዲስ የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተቀበሉ የሚያሳይ ጥናት አሳትመው ነበር። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጭ ነው። እንዲዘሩ ያሳመናቸው ግን ከሁሉ በላይ ጎረቤት ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ አልገቡበትም። ከመሬታቸው ትንሽ ቆርሰው ሞከሩ፣ አዩ፣ ከዚያ ጨመሩ። ከ1928 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከሁለት ገበሬዎች በስተቀር ሁሉም ተቀበሉት። ዘሩ የተሻለ ምርት እየሰጠ እንኳ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። እኛ ሰፈር “እነ እማማ ለምን ቶሎ አይለምዱም?” እያለ የሚበሳጭ ወጣት ሳይ ይህን ባወቀልኝ እላለሁ።

ሌላም አለ። ሰዉ አዲስ ነገር ሲቀበል እንደተሰጠው አይቀበልም። ለራሱ በሚመች መንገድ ያደርገዋል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤም-ፔሳ የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ስትጀምር መነሻው ሌላ ነበር። የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነው። በሙከራው ወቅት ግን ሰዎቹ ለእርስ በርስ ገንዘብ መላላኪያ አደረጉት። ኩባንያውም ሰዉን ተከትሎ አገልግሎቱን ገንዘብ ለዘመድ በመላክ ዙሪያ አዋቀረው።

የእኛም እንደዚያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ስለ እድር ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ግን ዛሬ ስልካቸውን ሲያሳዩኝ ልቤ ተነካ። ሰዉ በስልክም በባንክም ይልክና የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልክላቸዋል። በባንክ የሚልኩት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የሚጽፉትን አነበብኩ። “የኅዳር እድር።” “የእኔና የእማማ።” “የጎረቤቴን ጨምሮ፣ ታማ ተኝታለች።” ለሒሳብ ተብሎ በተሠራች ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገብቷል። ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም ወደዚያ ጠርዙ ወደተበላ ሰማያዊ ደብተር ይገለብጣሉ። የከፈለው በሰማያዊ፣ ውዝፍ ያለበት በቀይ እስክሪብቶ። “ስልክ ይጠፋል ልጄ፣ ደብተር ይቀመጣል” አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም።

ሁሉም ግን እንዲህ ደስ የሚል አይደለም። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። “ስልኩ የልጄ ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ደግሞስ ብሩን ልከፍል ካልመጣሁ መቼ ነው የምታዩኝ?” አሉ። እኚህ ሴት ባለፈው ዓመት ሦስት ቤት አልፎ የነበረ ቀብር አምልጧቸዋል። ሟቿ ለአርባ ዓመት ቡና ያጣጧቸው ጓደኛቸው ነበሩ። ሌሊት ያረፉት ሴትዮ ከሰዓት ተቀበሩ፣ መልእክቱ ግሩፑ ላይ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ማታ ተመለሱ። ማንም ሰው ሄዶ አልጠራቸውም። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ነግሯቸዋል ብሎ አሰበ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጥሩንባው ሲቀር ድምፁ ብቻ አልቀረም። ማን ሰማ፣ ማን አልሰማም ብሎ መጨነቅም አብሮ ቀረ። መዋጮውም ላይ ያው ነው። በየወሩ ሰውን ሰብስቦ የሚያገናኘው ገንዘቡ አይደለም፣ ገንዘቡ ሰበብ ነው። አንዱ ሲከሳ የምናየው፣ አንዷ ስትቀር “ምን ሆና ነው?” የምንለው በዚያ ሰበብ ነው። ሰበቡን ካነሳን ሌላ ሰበብ መፍጠር አለብን። ይህን ስብሰባው ላይ ተናግሬያለሁ፣ ድምፄም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

በመጨረሻ በሁለቱም መንገድ ይሁን ተባለ። የፈለገ በስልክ ይከፍላል። ስብሰባው ግን አይቀርም፣ የቀረም እንደ ድሮው ይቀጣል። ሞት ሲሰማ ግሩፑ ላይ ከመጻፉ ጋር ስልክ የሌላቸው ቤቶች በር ይንኳኳል። ለየመስመሩ ሁለት ሁለት ወጣት ተመደበ። አንዲት ልጅ ደግሞ መልእክቱ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ፣ አያቴ አማርኛ አያነቡም አለች። እስካሁን ይህን ያላነሳነው ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወዲያው ጸደቀ።

በእኛ መስመር ስልክ የሌላቸውን የመመዝገቡን ሥራ እኔ ተቀብያለሁ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ከእኚያ እናት ቤት እጀምራለሁ። ልጃቸው በየትኛው ሰዓት ቤት እንደሚገኝም እጠይቃለሁ።