ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ

ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያቱን ቢጠይቁኝ አላውቀውም። የእድር መዋጮዬን ስልክ ጋሼ መ. እንደ ልማዳቸው «ደርሶናል፣ እግዜር ያክብርልን» ብለው መለሱ። እዚህ አገር ሞት ቢመጣ ሬሳዬን የሚያነሳ ሰው አለ ማለት ነው። ይሄን ሳስብ እነዚያ አሩማኖች መጡብኝ።

ሰሞኑን ስለነሱ እያነበብኩ ነው። የባልካን ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በግ አርቢዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። ቋንቋቸው ከላቲን የወጣ ነው። የራሳቸው የሚሉት መንግሥት ኖሯቸው አያውቅም፤ በግሪክ፣ በአልባኒያ፣ በሰሜን መቄዶንያ፣ በቡልጋሪያና በሮማኒያ ተበታትነው ይኖራሉ። ወደ አሜሪካ የመጡት ሠርተው፣ ጥሪት ይዘው ሊመለሱ ነበር። እኛስ ምን ብለን መጣን?

በ1903 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ፋርሻሮቱ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የታመመ አባል ይደገፋል፣ የሞተ በወግ ይቀበራል። ያኔ አገራቸውን ይገዛ የነበረው የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን ራሳችሁን የቻላችሁ ሕዝብ ናችሁ ብሎ እውቅና የሰጣቸው በ1905 ነው። እንግዲህ አገር ቤት በወጉ ስም ሳይኖራቸው፣ በሰው አገር በስማቸው መዝገብ ከፍተው ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ።

ዘፈናቸውንም ሰማሁት። አንዱ ያነሳል፣ ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ የቀሩት ከሥር አንድ ድምፅ ይዘው ሳያቋርጡ ያዜማሉ። ቃሉ አይገባኝም፤ ግን ለቅሶ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን መዝሙራቸው ነው። ኮንስታንቲን ቤሊማቼ በ1888 የጻፈው ግጥም ነው፤ የወላጆች አደራ ነው፣ ደግሞም እርግማን፦ ቋንቋውን የተወ በእሳት ይቃጠል ይላል። ቀን ፋብሪካ ቆሞ የዋለ አባት፣ ማታ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስለት፣ ያንን መዝሙር በምን አንጀቱ ይዘምረው ነበር? የልጁን ስኬት እየተመኘ ልጁን ሊረግም ነው? እናቴ ብትሆን እርግማኑን ትዘላለች። እኔም የምዘለው ይመስለኛል።

ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ መቀመጫውም ኮነቲከት ነው። የታሪክ መጽሔቱን የሚያሳትመው በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ሽንፈት ይለው ይሆናል፤ ለእኔ ግን አይደለም። የአያቱን ቋንቋ የማይሰማ ሰው የአያቱን መንደር ታሪክ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ አደራውን በልቷል አልለውም።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። አያትየው መዋጮ የከፈለው ቢሞት የሚቀብረው ስላልነበረ ነው፤ ይሄ ይገባኛል። የልጅ ልጁ ግን አባቱን በራሱ ገንዘብ መቅበር ይችላል። ታዲያ ያን ማኅበር ሳይተው የኖረው ምን ይዞት ነው? የእኛዎቹስ ምን ይይዛቸው ይሆን?